ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ልሙላ ወይስ ሶፍትዌር? ላልሽው እህቴ

«ፍሬሽማን ልጨርስ ነው፣ ኮዲንግ እወዳለሁ፣ የቱን ልሙላ?» ብለሽ ለጠየቅሽው። እኔ የተመረቅኩት በኤሌክትሪካል ኤንድ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው፣ በኮምፒውተር ስትሪም (በዲፓርትመንቱ ውስጥ ያለ ዘርፍ)። ያንቺን ጥያቄ እኔም በጊዜው ይዤው ዞሬያለሁ፤ ግን በቅጡ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም።

1. ብዙ ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት አይደለም። መጀመሪያ ኤሌክትሪካል ኤንድ ኮምፒውተር ትገቢያለሽ። ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፒውተር ተብሎ የሚከፈለው በኋላ ነው። እዚያም ፉክክሩ በውጤት ነው። ስለዚህ ኮዲንግ ብለሽ ገብተሽ የሚቀበልሽ ሰርኪዩት ነው። ቀጥሎ አፕላይድ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ። ፊልድስ ስንቱን ጎበዝ አስለቅሷል!

2. ማትስሽን አጥብቀሽ ያዢ። ላፕላስና ፉሪየር የሚባሉት የማትስ ስሌቶች ያልገቡት ሰው ሲግናል ላይ በጣም ይቸገራል። እኔ ማትስ ስለምወድ ፈተና ሲደርስ የዶርም ልጆች እኔ አልጋ ላይ ተሰብስበው እያስረዳኋቸው ያነጋን ነበር። እሱ እስከዛሬ ያኮራኛል። ደግሞ ዲጂታል ሎጂክ ላይ ከጌትና ከፍሊፕ ፍሎፕ (የዲጂታል ሰርኪዩት መሠረታዊ ክፍሎች ናቸው) ቆጣሪ ሠርተሽ፣ ከዚያ ማይክሮፕሮሰሰር ላይ 8086 የሚባለውን የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር በአሴምብሊ (ለማሽኑ ቅርብ በሆነ የኮድ ቋንቋ) ስታዢው፣ ኮድሽ ከታች ምን እንደሚያደርግ ይገባሻል። ይህን ዕውቀት የሰጠኝ ይሄ ዲፓርትመንት ነው፤ አልክደውም። ፍላጎትሽ አፕና ዌብሳይት መሥራት ብቻ ከሆነ ግን ሳትጠራጠሪ ሶፍትዌር ሙዪ።

3. ዶክመንትሽ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከአሁኑ ጠይቂ። እባክሽ ይቺን አስምሪባት። ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ልመዘገብ ሄድኩ። ማስታወቂያው «ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ» ይላል። መዝጋቢዋ ከላይ ከላይ አየችና «ኤሌክትሪካል ነው፣ አይሆንም» አለችኝ። ኮምፒውተር የሚለው ቃል እዚያው መስመር ላይ አለ! ትራንስክሪፕቴን አውጥቼ ዳታ ስትራክቸር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ ኮምፒውተር አርክቴክቸር መውሰዴን ላሳያት ሞከርኩ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «የተባልኩትን ነው የምሠራው፤ ቀጣይ!» ኃላፊውን ላናግር ስል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ምዝገባው በዚያው ቀን ተዘጋ። 5 ዓመት የለፋሁበትን ትምህርት ሳታነበው መለሰችብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ግቢ ተመልሼ ስትሪሜ ኮምፒውተር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዲፓርትመንት አጻፍኩ፤ ማኅተም አስመታሁበት። ሌሎች ቦታዎች ላይ ያለ ጭቅጭቅ ያስመዘገበኝ እሱ ነው። አንቺ ገና ክሊራንስ ስትጨርሺ አብረሽ አስጽፊው። ከግቢ ከወጣሽ በኋላ ለአንድ ፊርማ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መንከራተት ነው። ፈራሚው ደግሞ ሁሌ አይገኝም።

4. ኢንተርንሺፕ ስትወጪ ስሙ የገነነ መሥሪያ ቤት አትምረጪ፣ ሥራ የሚያሠራሽን ምረጪ። ትልቅ ቦታ ገብተው ወንበር ሲያሞቁ የከረሙ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አንዲት ትንሽ ጥገና ቤት ሆኜ ቦርድ መበየድና ብልሽት መፈለግ ተማርኩ። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ዕቃውን መርካቶ ዞረን ለቅመን ስንገጣጥመው የቀደመኝ አልነበረም። ፕሮቲየስ (ሰርኪዩት በኮምፒውተር የሚሞከርበት ሶፍትዌር) ላይ የሠራ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ እምቢ ሲል ምክንያቱን የማገኘው እኔ ነበርኩ።

የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ደብተርሽንም እንዳትጥዪ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

የትኛው ግቢ እንደሆንሽ አልነገርሽንም። የዲፓርትመንቱን የኮርስ ዝርዝር ካገኘሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ስትሪም መቼ እንደሚከፈልና የኮምፒውተር ኮርሶቹ ስንት እንደሆኑ አይቼ እነግርሻለሁ።