ግራና ቀኝ ማለት ለምን አይበቃም?

«በባለሸራ ጀልባ ላይ ግራና ቀኝ እያለ ፖርትና ስታርቦርድ የሚሉት ጀማሪን ለማደናገር ነው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም መማር ስጀምር እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር። ነገሩ ግን ምክንያት አለው፤ ጀልባ ላይ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣልና የእርስዎ ግራ ለእኔ ቀኝ ይሆናል። ፖርት ግን ወደ ጀልባው አፍንጫ ዞረው ሲቆሙ በግራ በኩል ያለው ጎን ነው፣ ስታርቦርድ ደግሞ የቀኙ፤ እርስዎ ወዴትም ቢዞሩ አይለወጥም። በሌሊት ፖርት ቀይ፣ ስታርቦርድ አረንጓዴ መብራት ያበራል። እንግሊዞች ራሳቸው ግራውን ጎን ቀድሞ «ላርቦርድ» ይሉት ነበር። በነፋስና በጩኸት መካከል ከስታርቦርድ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ የባሕር ኃይላቸው እ.ኤ.አ. በ1844 ፖርት በሚለው ተካው። የተደናገርነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው!

ይልቅስ የሚያስቀው «ሺት» ነው። ስሙን የሰማ ጀማሪ ሁሉ ሸራው ይመስለዋል፤ ሺት ግን ሸራውን የሚያጠብቁበትና የሚያላሉበት ገመድ ነው። አሠልጣኛችን «ሺቱን ልቀቅ!» እያለ ሲጮኽ አጠገቤ የነበረው ተማሪ ገመዱን በጡጫው ጨምድዶ እንደያዘ ወደ ሸራው እያንጋጠጠ «ማን ያዘው?» ብሎ ይከራከር ነበር።

ከሁሉ በፊት «ጃይብ» የምትለዋን ይወቁ። ነፋሱ ከኋላ እየነፈሰ ጀልባው ሲዞር፣ ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ፣ ማለትም ቡም፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ይወነጨፋል። ቃሏን ሲሰሙ ትርጉሟን ማሰላሰሉ ይቆይዎት፤ መጀመሪያ ጎንበስ ይበሉ።