«ልጠይቀው ወይስ ዝም ልበል?»

ጳጉሜን 5 ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ይታሰባል። እኛ አገር ቤቱ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል የሚውልበት ቀን ነው። ያዘነ ሰው ደግሞ በዓል ሲመጣ ይበልጥ ብቸኝነት ይሰማዋል። ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ሰሞኑን ስም ሳይጻፍባቸው በወረቀት የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

የዶርም ጓደኛዬ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት አብዝቷል። ብጠይቀው ያላሰበውን እንዳላስታውሰው ፈራሁ።

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። ብዙ ሰው ዝም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ሐሳቡ ካለ ቀድሞም ውስጡ አለ። ስትጠይቀው ብቻውን የተሸከመውን ታግዘዋለህ። ሌላ ሰው በሌለበት አናግረው። ወይም ወጣ በሉና ከዘንባባው ሥር ጎን ለጎን እየሄዳችሁ አውሩ። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በለው። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ካልከው ግን «አላስብም» እንዲልህ እየገፋኸው ነው።

«አዎ» ካለህ አትቆጣው። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው፣ ቶሎ ስንለው ግን ወሬውን ይዘጋበታል። «ከአንተ የባሰ አለ»፣ «ኃጢአት ነው» የሚሉትን ተዋቸው። ስማው። ቁርጥ ያለ ዕቅድ እንዳለው ጠይቅ። ካለው ብቻውን አትተወው። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቅ። ያኑ ዕለት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ። «ለማንም እንዳትናገር» ቢልህም እንኳ። ይቀየምህ ይሆናል። ይቀየምህ፣ ብቻ ይኑር።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን ካየች ጀምሮ ከክፍሏ አትወጣም። እንግዳ ሲመጣ ትደበቃለች።

እህቴ፣ በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ይንገሯት። ጎረቤት ፊት «አሳፈረችኝ» የሚል ቃል ደግሞ ከአፍዎ አይውጣ። እንቅልፏና ምግቧ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛባ፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላት፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ያሳክሟት። የምትወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረች ወይም ስንብት የሚመስል ነገር ከተናገረች ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ።

ወንድሜን ሐኪም መድኃኒት አዘዘለት። አባታችን «ጸበል ነው የሚያሻው» ይላሉ።

ሁለቱም ይሁን። አባታችሁን አትሟገቱ፤ ወደ ጸበል ሲሄድ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳያቋርጥ አደራ።

የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒት የምናስቀምጠው ቤት ውስጥ ነው። ችግር አለው?

አለው። ይቆለፍበት። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ ታንኳ ቀዛፊው ዳር ይዞ ይጠብቃል፤ ክፉ ሐሳብም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ተነሥቶ ይበርዳል። በዚያች ሰዓት መርዙ ከእጅ ከራቀ ሰው ይተርፋል። ስሪ ላንካ በጣም አደገኛ የሆኑትን ከገበያ ካወጣች በኋላ ራስን ማጥፋት በእጅጉ ቀንሷል።

እኔ ራሴ ነኝ። ደክሞኛል። ሚስቴም አታውቅም።

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ድካምህን አምናለሁ። ዛሬ ማታ ብቻህን አትሁን። ለሚስትህ፣ ለወንድምህ ወይም ለንስሐ አባትህ «ደህና አይደለሁም፣ አጠገቤ ሁኑ» በል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። መናገሩ ከከበደህ ይህን ጽሑፍ አሳያቸው። መጠጥና ጫት ተው፣ ሌሊቱን ያከብዱብሃል። ሐሳቡ ከበረታብህ እስኪነጋ አትጠብቅ። ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ በ907 ይጠራል።

ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን በዚህ መንገድ አጡ። ለቅሶ ሄጄ ምን እላለሁ?

ሂጂ። «እንዴት?» «ለምን?» አትበያቸው። እነሱ «ምነው ባወቅን ኖሮ» እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲበሉ ነው የሚያድሩት። የልጁን ስም ጥሪ። የምታውቂለትን ደግ ነገር አውሪ። ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፣ ሰው ይመናመናል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔም፣ በወሩም ቡናሽን ይዘሽ ብቅ በይ።