ካርቶን የሚሞተው ሲከፈት ነው

ልጆቼ፣

ቤት ስትቀይሩ ከሰፈር ሱቅ ካርቶን ለምናችሁ ታውቃላችሁ። ሰሃኑ፣ ድስቱ፣ መጽሐፉ ይገባል። ፕላስተር ግን የለም። ያኔ እናታችሁ ትመጣና አራቱን ክንፎች አንዱን በአንዱ ላይ እያሳለፈች፣ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ሥር ሸጉጣ ጥርቅም ታደርገዋለች። የት ተማረችው? የትም።

ያለ ፕላስተር የሚዘጋ፣ ደጋግሞ የሚያገለግል ሳጥን መንደፍ እፈልጋለሁ ብሎ የሚመጣ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ ይህን እንዲሠራልኝ አደርጋለሁ። ከዘጋው በኋላ ላዩን በመዳፉ ይጫነው። መሃሉ ይሰምጣል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ሌላ ካርቶን ቢደረብበት ይንሸራተታል። ታችኛውን በዚህ መንገድ ከዘጋችሁትማ ጉድ ነው፤ ዕቃው እግራችሁ ላይ ይዘረገፋል። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ ክንፎቹ ማዕዘኑ ጋ ይሰነጠቃሉ። ክንፉ የተሠራው በመታጠፊያው መስመር ላይ እንዲታጠፍ ነው፤ እኛ ግን ወገቡን እናጎብጠዋለን። የእናታችሁ ሐሳብ ትክክል ነው። ካርቶኑ ነው ለዚያ ያልተሠራው።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቶን ሳጥፍ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለ አንድ ስህተቴ ልንገራችሁ።

አንድ ጫማ አምራች መጣ። ወደ ሱቆቹ የሚልከው ካርቶን አንዴ ሄዶ በዚያው ይቀራል። የሚመለስ፣ ፕላስተር የማይጠይቅ ሥራልኝ አለ። ደስ አለኝ። በሙያችን 0427 የምንለውን ቅርጽ መነሻ አደረግሁ። ቁጥሩ የአውሮፓ የካርቶን አምራቾች ማኅበር፣ ፌፍኮ፣ ካወጣው መለያ የመጣ ነው። በየሱቁ የምታዩት ተራ ካርቶን በዚሁ መለያ 0201 ይባላል። 0427 ግን ከአንድ ወጥ ሉህ ተቆርጦ ይታጠፋል። የጎን ግድግዳው ተደርቦ ወደ ውስጥ ይገለበጥና ትንንሽ እግሮቹ ወለሉ ላይ በተሰነጠቀው ቀዳዳ ይሰካሉ። ክዳኑ ከፊት ለፊት ወደ ውስጥ ይገባል። ሙጫ የለ፣ ሽቦ የለ። እኔ ደግሞ እንዳይከፈት ብዬ ክዳኑ ላይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚቆልፍ ሁለት ምላስ ጨመርኩበት።

ጠረጴዛዬ ላይ አርባ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ምንም አልሆነም። በራሴ ኮራሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጋዘናቸው ሄድኩ። ሳጥኖቼ ተደርድረዋል። ሁሉም ላይ ፕላስተር ተጠምጥሟል! ሠራተኞቹ ሰነፉ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ግን አንዱ ሱቅ ሄጄ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ።

ጫማው ደረሰ። የሱቁ ልጅ ሳጥኑን አነሳ፣ አገላበጠ። የቱን መሳብ እንዳለበት አላወቀም። ምን ያድርግ፣ ወረፋ ይጠብቀዋል። ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ አወጣ። ክዳኑ ሥር ከትቶ ወደ ላይ ገነጠለው። አንደኛው ምላስ ቀረ። በሁለተኛው ምላስ ጫፍ ላይ የውጩ ወረቀት ተላጦ፣ ውስጡ ያለው ሞገድ፣ በሁለቱ ወረቀቶች መሃል ያለው የተጠማዘዘ ወረቀት፣ እንደ ጎድን አጥንት ታየ። ያ ሳጥን ሲመለስ አይቆለፍም፤ ስለዚህ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ፕላስተር የተለጠፈበት ደግሞ ቀጥሎ በምላጭ ይከፈታል። ምላጩ ካርቶኑን ይዘለዝለዋል፣ ፕላስተሩ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። በተላጠ ወረቀት ላይ ሌላ ፕላስተር አይዝም። በቃ፣ ሳጥኑ አለቀለት።

ሳጥኑን ለሚዘጋው ሰው ነበር የነደፍኩት። የሚዘጋው ሰው ሥራው ነው፤ በቀን መቶ ሲዘጋ እጁ ይለምዳል። የሚከፍተው ግን ቸኩሏል፣ ማንም አላሳየውም፣ አንዳንዴም በአንድ እጁ ስልክ ይዟል። ሳጥኑ ነገ በሕይወት መኖሩ የሚወሰነው በእሱ እጅ ነው። እኔ አርባ ጊዜ ስከፍት የት እንደሚከፈት የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ ሙከራዬ ዋጋ አልነበረውም።

ሁለተኛውን ስሠራ ከመክፈቻው ጀመርኩ። የፊቱ ግድግዳ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆረጥኩ። ሰው ቀዳዳ ካየ ጣቱን ያስገባል፤ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ሁለቱን ቀጫጭን ምላሶች ትቼ አንድ ሰፊ አደረግሁ፤ የትከሻውንም ማዕዘን ክብ አደረግሁት። ሹል ማዕዘን መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ምላሱ የሚገባበትን ስንጥቅ ጫፎች ደግሞ በትንሽ ክብ ጨረስኳቸው። ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ስለት ያቆመበት ቦታ ላይ መቀደድ ይቀጥላል፣ ክብ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ውፍረትንም አትርሱ። ቢ የምንለው የሞገድ ዓይነት ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስታጥፉት እያንዳንዱ እጥፋት ከልኩ ይበላል። ወደ ውስጥ የሚገባውን ግድግዳ ከውጩ እኩል ከለካችሁት ሳጥኑ ይወጠራል፤ የተወጠረ ክዳን ደግሞ ሌሊት ብቻውን ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያማረው ንድፍ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚህች ሚሊ ሜትር ነው። ሞገዱም በግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ይቁም። ተጋድሞ ከተሠራ ሲደራረብ ይጨማደዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ አቅሙም ክፉኛ ይወርዳል። ናሙናችሁን በጥቅምት ፀሐይ ሞክራችሁ አትርኩ።

ስህተት ያሳፍራል ብላችሁ እንዳትደብቁት። ተጣጥፎ የሚሠራው የወረቀት ሳጥን ራሱ የመጣው ከስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ሮበርት ጌር የሚባል የወረቀት ከረጢት አምራች ነበር፤ ማሽኑ ላይ የወረቀቱን ማጠፊያ መስመር የሚያወጣው ብረት ቦታውን ለቆ ከረጢቱን ቆረጠው። ዕቃው ተበላሸ። ሰውየው ግን ቆም ብሎ መቁረጥና መስመር ማውጣት በአንድ ምት ይቻላል ማለት ነው አለ። ዛሬ በዳይ፣ መቁረጫና ማጠፊያ ብረት አብሮ በተሰካበት ቅርጽ፣ አስቆርጠን የምንሠራው ሥራ ሁሉ ከዚያች ቀን ይመዘዛል። ሞገዳሙ ወረቀትማ መጀመሪያ የተሠራው ለባርኔጣ ነበር፤ በ1856 እንግሊዝ አገር።

ምሳሌ ፍለጋ ሁልጊዜ ውጭ ውጭ አትዩ። አገልግል አይታችኋል? ስፌቱ በቆዳ ተለብጧል፣ ክዳኑ ልኩ ነው፣ በጠፍር ይታሰራል፣ በዚያው ጠፍር ይንጠለጠላል። በበቅሎ ሲንገላታ ውሎ ወጡ አይፈስም። የመዝጊያውና የመሸከሚያው ነገር አንድ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ስትሸከሙት ሸክሙ ራሱ ክዳኑን ያጠብቀዋል። እኔ ይህን በካርቶን ለመሥራት ዓመታት ሞክሬ አልሆነልኝም። ከእናንተ አንዱ ቢያደርገው ደስታዬ ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ራሳችሁን አትዋሹ። 0427 ከ0201 የበለጠ ካርቶን ይበላል። የማይመለስ ከሆነ ያተረፋችሁት ነገር የለም፣ እንዲያውም ብሷል። ስለዚህ ከመንደፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ባዶውን ማን ይመልሰዋል? በምን መኪና? ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል? የቢራና የለስላሳ ሳጥን የሚመለሰው ሰው ለአካባቢ ስለሚቆረቆር አይደለም፤ መያዣ ስለከፈለ ነው። የጫማው ሰውዬ ሳጥን የተመለሰው አዲስ ጫማ ያደረሰው መኪና ባዶውን ሳይዝ እንዳይነሳ ሲታዘዝ ነው። እኔ የነደፍኩት ሳጥኑን ብቻ ነበር።

ያንን ሁለተኛ ናሙና ለሙከራ መርካቶ ይዤ ወረድኩ። አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ፤ ካርቶን ሲከፍቱ ፕላስተሩን በምላጭ ጫፍ ብቻ ነክተው የሚከፍቱ፣ ያገለገለውን አጣጥፈው ለቆራሌው የሚሸጡ። ምንም ሳልናገር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አውራ ጣታቸው ቀጥ ብሎ ጨረቃዋ ውስጥ ገባ። ከፈቱት። ዘጉት። ደግመው ከፈቱት።

«ስንት ነው?» አሉኝ።

«የሚሸጥ አይደለም እትዬ፣ ናሙና ነው» አልኳቸው።

የቀኑን ደረሰኝ ሰብስበው ውስጡ ከተቱና ዘግተው ከመደርደሪያው ሥር አኖሩት። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።