የእድሩ ሁለት መዝገብ አልገጥም አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ የፒያሳ ሰፈር እድራችን ጸሐፊ ናቸው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አባላቱ ተበታተኑ። ማን እንዳለ ማን እንደወጣ ላጣራ ሁለት የስም ዝርዝር ይዣለሁ፤ አንዱን እኔ ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ላይ ጻፍኩት፣ ሌላው ጽሕፈት ቤት በዊንዶውስ የተተየበ ነው። በባሽ ስክሪፕት (በተርታ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ፋይል)፣ ፋይሎችን መስመር በመስመር በሚያነጻጽረው በዲፍ (diff) ሳወዳድራቸው ሁሉም መስመር ይለያያል ይለኛል። ለዓይን ግን አንድ ናቸው።
የጸሐፊው ልጅ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ዲፍ አልዋሸሽም። ዊንዶውስ በየመስመሩ ጫፍ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፣ ሊኑክስ አንድ ብቻ። ትርፉን ጽሑፍ በሚያርመው በሴድ (sed) ትእዛዝ አጥፊው።

ከዚያ ዲፍን ተዪው። በፈረንጆቹ 1974 ከዩኒክስ (የሊኑክስ ቀዳሚ ሥርዓት) ጋር የወጣው ይህ መሣሪያ ቅደም ተከተል ላለው ጽሑፍ ግሩም ነው፤ የስም ዝርዝር ላይ ግን አንድ ሰው ከላይ ወደ ታች ቢዛወር ወጣም ገባም ይልሻል። ላንቺ የሚሆነው የሁለት ዝርዝሮችን የጋራና የተለያየ መስመር የሚለየው ኮም (comm) ነው። ሁለቱን ፋይሎች በሶርት (sort) ደርድሪ፣ ከዚያ ኮምን ከሰረዝ 23 (-23) ጋር ስትጠሪው በመጀመሪያው ብቻ ያሉትን፣ ከሰረዝ 13 (-13) ጋር በሁለተኛው ብቻ ያሉትን ያወጣልሻል። አደራደሩ አንድ ዓይነት ካልሆነ ያኮርፋል።

ዋናው ጣጣ ፊደላችን ነው። አንዱ ‹‹ፀሐይ››፣ ሌላው ‹‹ጸሀይ›› ብሎ ከጻፈ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ኃይሉና ሃይሉም እንደዚያው። ለማወዳደሪያ ብቻ ቅጂ አውጪና ሐን፣ ሓን፣ ኀን፣ ኃን፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሪ፤ የቀሩትን የየፊደሉን ዘሮችም ለየብቻ፣ ሡን ወደ ሱ እያልሽ። ምልክት በምልክት የሚተካውን ቲአርን (tr) እንዳትሞክሪ፤ ኡቡንቱ ላይ ያለው ባይት በባይት ነው የሚሠራው፣ አንዱ ፊደላችን ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒዩተር የሚቀመጥበት ዘዴ) 3 ባይት ይወስዳልና ስሙን ያበላሸዋል። የሴድ ዋይ (y) ትእዛዝ ግን ፊደሉን ያውቀዋል። ዋናውን መዝገብ አትንኪ፤ ሰው ስሙን በፈለገው ፊደል የመጻፍ መብት አለው።

‹‹ገ/ማርያም››ና ‹‹ገብረማርያም››ን የሚያስታርቅ ትእዛዝ የለኝም። እሱ በዓይን ነው።

ሌላ ጊዜ ፋይሎቹ አንድ መሆናቸውን ብቻ ለማወቅ ከፈለግሽ ሲኤምፒ (cmp) ይበቃል፦ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር 0 ከሆነ አንድ ናቸው፣ 1 ከሆነ ይለያያሉ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ችግር አለ፤ ምናልባት ፋይሉ ራሱ የለም። ብዙ ስክሪፕት ይህን ከ1 ጋር ይደባልቀዋል።

ስክሪፕቱ ግን ማንንም ከእድር እንዲሰርዝ አታድርጊ። የተረፉትን ስሞች አትመሽ ለአባትሽና ለጡሩምባ ነፊው ስጪ።