ዩሮፓ ላይ ጉድጓዶቹ የት ገቡ?

ጥያቄህ «ሁለቱም የጁፒተር ጨረቃዎች ሆነው ካሊስቶ በጉድጓድ ተሞልታ ዩሮፓ ለምን ለስላሳ ሆነች?» የሚል ነው። ዩሮፓ ጉድጓድ በሚፈጥሩት ከጠፈር የሚወድቁ አካላት ሳትመታ ቀርታ አይደለም። እንዲያውም ለጁፒተር ስለምትቀርብ ድብደባው ይብስባታል። ልዩነቱ ጠባሳው መጥፋቱ ነው። የጁፒተር ስበት ጨመቅ ለቀቅ እያደረገ ውስጧን ያሞቀዋል። ገጿን የሸፈነው በረዶ ይሰነጠቃል፣ ይንቀሳቀሳል፣ አሮጌውን ጉድጓድ ይውጠዋል። ለዚህ ነው የገጿ ዕድሜ ከ40 እስከ 90 ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሚገመተው። የካሊስቶ ወደ 4 ቢሊዮን ይጠጋል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሌላዋ የጁፒተር ጨረቃ የጋኒሜድ ጉዳይ ነው። እዚያ አንዳንድ ትልልቅ ጉድጓዶች ጠርዛቸውም ጥልቀታቸውም ጠፍቶ ነጣ ያለ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። በረዶ በዚያ ብርድ እንደ ድንጋይ ነው፤ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ግን ቀስ እያለ ይፈስሳል። ከስር ሞቅ ካለ ደግሞ ይፈጥናል።

ጊዜ ካለህ የፑይልን ፎቶ ፈልገህ እይ። ዩሮፓ ላይ ያለ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ነው። ከመሃሉ ነጫጭ ጨረሮች በየአቅጣጫው ይረጫሉ፤ ይህም ገና አዲስ መሆኑን ያሳያል። ወለሉ ደግሞ ከዙሪያው መሬት ብዙም አይወርድም። ጉድጓድ ተብሎ ጥልቀት የለውም ማለት ይቻላል!