ኤልፒኤን ልማር ላላችሁ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አራት ዓመት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ኤልፒኤን ተማርኩ፤ በነርስነት ደረጃ ከሲኤንኤ በላይ፣ ከአርኤን በታች ያለው ነው። አሁን አርኤን (ሙሉ ነርስ) ነኝ። ሰሞኑን "ስለ ኤልፒኤን ትምህርት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ፣ የማንንም ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የራሳችሁን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ (የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ገጽ ከፍታችሁ ማየት አትርሱ።

ጥያቄ፦ ኤልፒኤን ከሲኤንኤና ከአርኤን በምን ይለያል? ደመወዙስ?

ሲኤንኤ ታካሚውን ያጥባል፣ ያበላል፣ ያገላብጣል፣ ግፊትና ሙቀት ይለካል። ኤልፒኤን ፈቃድ ያለው ነርስ ነው። መድኃኒት ይሰጣል፣ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያክማል፣ የሽንት ቱቦ (ካቴተር) ያስገባል። የሚሠራው ግን በአርኤን ወይም በሐኪም ሥር ሆኖ ነው። አዲስ የገባን ታካሚ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አይቶ የሚመዘግበው አርኤን ነው። ደም መስጠትም በብዙ ስቴት ለኤልፒኤን አይፈቀድም። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ያላችሁ ኤልቪኤን ሲባል ከሰማችሁ ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2024 ያወጣው የኤልፒኤን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 62,340 ዶላር ነው። የአርኤን 93,600 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን በቀጥታ አርኤን አልማርም?

ተማሪ፤ የምትችይ ከሆነ። አናቶሚውን፣ እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ጨርሰሽ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ሌላ ገቢ ካለ፣ በቀጥታ ወደ አርኤን መግባት ይሻላል ባይ ነኝ። ሆስፒታሎች በብዛት የሚቀጥሩት አርኤን ነው። ኤልፒኤን በብዛት የሚሠራው ነርሲንግ ሆም፣ ክሊኒክና ሰው ቤት ነው።

ኤልፒኤን የሚጠቅመው እንደኔ ላለው ሰው ነው። ልጅ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። የኤልፒኤኑ ትምህርት ራሱ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ በተሻለ ደመወዝ እየሠራሽ አርኤኑን በብሪጅ፣ ማለትም ከኤልፒኤን ወደ አርኤን በሚያሻግረው ፕሮግራም፣ ትቀጥያለሽ። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ቤቴ አጠገብ ያለ የግል ትምህርት ቤት "ወረፋ የለም፣ ነገ ጀምሪ" ይለኛል። ኮሌጁ ግን ፈተና ይጠይቃል፣ ወረፋም አለው። የቱ ይሻላል?

በዚህ ነገር እኔ ተቃጥያለሁ። ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አንድ የግል ትምህርት ቤት ብዙ ሺህ ዶላር ከፍዬ ኮርሶች ወሰድኩ። በኋላ ኮሚኒቲ ኮሌጁ አንዱንም አልቆጠረልኝም። አናቶሚን እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ዓመቱም አልተመለሰም።

የግል ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ከመክፈልሽ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ሙከራ ኤንክሌክስን (የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን) ያለፉበት መጠን ስንት ነው? ቦርዶች ይህን ቁጥር ያወጡታል፤ የትምህርት ቤቱን ሰው አፍ ብቻ አትመኚ። ሦስተኛ፣ ነገ አርኤን ልማር ብትዪ ክሬዲቱን የሚቀበለው ኮሌጅ የትኛው ነው? መልሱን በጽሑፍ ይስጡሽ። "ሁሉም ይቀበላል" የሚል መልስ ከሰጡሽ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ።

የኮሌጁ መግቢያ ብዙ ጊዜ ቲስ የሚባለው ፈተና ነው። 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ ይሠራል። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ አለው። ወረፋው እስኪደርስ ቅድመ ኮርሶቹን ትጨርሻለሽ፤ ዝም ብሎ የሚባክን ጊዜ አይደለም።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአገር ቤት በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። የመንግሥት እርዳታ አገኛለሁ?

ግሪን ካርድ ስላለህ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ትችላለህ። አሳይለም (ጥገኝነት) የጸደቀላቸውና ስደተኛ ሆነው የገቡም ይችላሉ። አሳይለም ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ግን የፌዴራሉን እርዳታ አያገኙም።

አንተን የሚነካ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው። ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። የውጭ አገር ዲግሪም እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። ስለዚህ አንተ ፔል አታገኝም፤ ብድር ግን መጠየቅ ትችላለህ። "ዲግሪውን ባልናገርስ?" ብለው የጠየቁኝ አሉ። አታድርጉት። በፊርማችሁ ለፌዴራል መንግሥት የምትሰጡት ቃል ነው።

ዲግሪህ የሚጠቅምህ በሌላ በኩል ነው። ትራንስክሪፕትህን በታወቀ ድርጅት አስገምግመው፤ አንዳንድ አጠቃላይ ኮርሶች ሊቆጠሩልህ ይችላሉ። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ጂ ስሪ የሚባለውን የስቴቱን ፕሮግራም ጠይቁ። ከ2021 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ክፍያ የሚሸፍን ነው። የጤና ትምህርትም አለበት።

ጥያቄ፦ 48 ዓመቴ ነው። ልጆቼ አድገዋል። እንግሊዝኛዬ ግን ያስፈራኛል። አይረፍድብኝም?

እማማ፣ አይረፍድብዎትም። እኔ ክፍል ውስጥ ከእርስዎ በዕድሜ የሚበልጡ ሁለት እናቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ጨርሰዋል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎት። አገር ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። የመጽሐፉ ቃል ያን ያህል አይከብድዎትም። የሚከብደው የታካሚው አነጋገር ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አዛውንት "አንደር ዘ ዌዘር ነኝ" ሲሉኝ፣ ዌዘር የአየር ሁኔታ ነውና በርዷቸዋል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁላቸው። ለካ "አሞኛል" ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ከክፍል አያገኙትም። ሲኤንኤ ሆነው ስድስት ወር ቢሠሩ ግን ጆሮዎ ይከፈታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲኤንኤውን ይውሰዱ። ኮሌጁ ነፃ የጽሑፍ ማዕከልና አስጠኚ ካለው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይጠቀሙበት።

ደግሞ ክሊኒካል (ታካሚ ያለበት ቦታ የሚደረገው የተግባር ልምምድ) ላይ ዝም አይበሉ። እኛ በመምህር ፊት ዝምታን አክብሮት ብለን ነው ያደግነው። እዚህ መምህሯ "አልገባትም" ብላ ነው የምትጽፈው።

ጥያቄ፦ የቲቢ ምርመራ ክንዴ ላይ አበጠ። ፕሮግራሙ ያባርረኛል?

አያባርርሽም፤ አትደንግጪ። አብዛኞቻችን በልጅነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ወስደናል። የቆዳው ምርመራ በዚያ ክትባት ምክንያት ቲቢ ሳይኖር ሊያብጥ ይችላል። ኳንቲፌሮን የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ቢሲጂ አያሳስተውም። እሱን ጠይቂ። በደሙም ከታየ የደረት ራጅ ይነሣል። በሰውነት ውስጥ የተኛ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ሕክምናም አለው። ወረቀቱን አስቀድመሽ ጨርሺ። የሄፓታይተስ ቢ፣ የኩፍኝና የጉድፍ ማስረጃም ይጠይቁሻል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ክሊኒካል ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው አይደረስበትም።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ጠላቴ ነው። ምን ያህል ይከብዳል?

አልጀብራ አይደለም፤ የመድኃኒት ልክ ነው። ብዙ ኮሌጅ ግን ከ90 በታች አያሳልፍም፤ ምክንያቱም የነጥብ ስሕተት ሰው ትገድላለች። አንድ ምሳሌ ላሳይህ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ እኛ ግሉኮስ የምንለው፣ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ተባለ። ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር 15 ጠብታ ይሰጣል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ነው? 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 1000 በ15 ሲባዛ 15,000፤ ለ480 ሲካፈል 31.25። ግማሽ ጠብታ የለምና 31 ነው። ይህንን ማስላት ከቻልክ ዘዴው ገብቶሃል። የቀረው ልምምድ ነው። ክብደት ከፓውንድ ወደ ኪሎ ለመቀየር ለ2.2 ማካፈልን እንደ ስምህ ያዘው።

ጥያቄ፦ ሙሉ ሰዓት እየሠራሁ መማር እችላለሁ?

ከሁሉ በላይ የተጠየቅሁት ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይሄው ነው። ከክፍላችን ትምህርቱን ያቋረጡት ልጆች ጭንቅላት አጥተው አልነበረም። ሰዓት አጥተው ነው።

እኔም ሞክሬዋለሁ። በሳምንት 40 ሰዓት ማታ እየሠራሁ ጀመርኩ። ክሊኒካሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ዩኒፎርም እቀይር ነበር። የመጀመሪያውን ትልቅ ፈተና 68 አመጣሁ፤ ማለፊያው 75 ነበር። አማካሪዬ "ወይ ሥራውን ቀንሺ፣ ወይ ውጪ" አለችኝ።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሥራውን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛወርኩት፤ ሁለት የ12 ሰዓት ሺፍት፣ በሳምንት 24 ሰዓት። ገቢዬ በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረው። እኔን ያዳነኝ ቀድሜ የገባሁት እቁብ ነው። የእቁቡን ዳኛ ለምኜ ዕጣው በሁለተኛው ሴሚስተር እንዲሰጠኝ አደረግሁ፤ የአምስት ወር ኪራይ ሸፈነልኝ።

የከበደኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። አገር ቤት ደውዬ እናቴን "ለአንድ ዓመት የምልከው ይቀንሳል" ማለት ነበረብኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እሷ ግን "ተማሪ ልጄ፣ እኛ አንሞትም" አለችኝ። ለማኅበሬ ሰዎችም ነገርኩ፤ ክርስትናና ልደት ላይ አትጠብቁኝ፣ ለቅሶ ብቻ እመጣለሁ አልኳቸው። የተቀየመ አለ። በኋላ ግን ተረድተውኛል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የሦስት ወር ወጪ አስቀምጡ። ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው ማን እንደሆነ በስም እወቁ፤ "እንግዲህ እናያለን" አያዋጣም። በተቻለ መጠን ከ24 ሰዓት በላይ አትሥሩ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት በነርስነት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንደገና ከሀ ልጀምር?

ወንድሜ፣ ቶሎ አትጀምር። መጀመሪያ ትምህርትህን አስገምግም። ብዙ ቦርዶች ይህን የሚያሠሩት ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል በነበረውና አሁን ትሩሜሪት በሚባለው ገምጋሚ ድርጅት ነው። ትራንስክሪፕቱ ከተማርክበት ኮሌጅ በቀጥታ እንዲላክ ይጠይቃሉ፤ አንተ በእጅህ ይዘኸው የመጣኸውን አይቀበሉም። የሚያዘገየው ይህ ነው። አዲስ አበባ ወይም ክልል ሄዶ ሬጅስትራር በር ላይ የሚቆምልህ ዘመድ ያስፈልግሃል። ቦርዱ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሰዓትህን ከራሱ መስፈርት ጋር ያስተያያል። ካሟላህ በቀጥታ ለፈተና ትቀርባለህ። አንድ ኮርስ ብቻ ጎድሎህ ከሆነም እሱን ሞልተህ ልትቀርብ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው "ክፍል ሳትገቢ ዲፕሎማውን እጨርስልሻለሁ" አለኝ።

ሽሺ። በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት ኦፕሬሽን ናይቲንጌል በሚባል ምርመራ ፍሎሪዳ ካሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ መሸጡን ይፋ አድርጓል። 25 ሰዎች ተከሰሱ። ከገዙት ውስጥ ፈተናውን አልፈው ሥራ የያዙም ነበሩ፤ ፈቃዳቸውን አጡ። ያ ወረቀት የሚገዛው በአንቺ ገንዘብ ነው፤ የሚከፈለው ግን በታካሚው ነፍስ ነው።

ጥያቄ፦ ሂጃብ እለብሳለሁ። ክሊኒካል ላይ ይከለክሉኛል?

በአብዛኛው አይከለክሉም። ከዩኒፎርሙ ጋር የሚሄድ አንድ ቀለም ይሁን፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይግባ ይላሉ። የእጅጌው ጉዳይ ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ ሴሚስተሩ ሳይጀመር አስተባባሪዋን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ኤንክሌክስን ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። የት ነው የምሳሳተው?

መጀመሪያ ፈተናውን እንወቀው። የኤልፒኤኑ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ነው፤ አምስት ሰዓት ይሰጣል። ኮምፒውተሩ በመለስሽው መጠን ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀልላል። ስለዚህ 85 ላይ መዘጋቱ ብቻውን መውደቅንም ማለፍንም አያሳይም። ክፍያው 200 ዶላር ነው፤ ለቦርዱ የሚከፈለው ለብቻው ነው። ከወደቁ በኋላ 45 ቀን ይጠበቃል።

የላክሽልኝን የልምምድ መልሶች አይቻቸዋለሁ። ስለ መድኃኒት የተጠየቅሽውን በደንብ ነው የመለስሽው። የጣለሽ ከታካሚ ጋር የመነጋገሩ ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ሐበሻ የሚጥለውም እሱ ነው። አንዱን ላንሣ። ነገ ቀዶ ሕክምና ያላት ሴት "ከሰመመን ሳልነቃ እቀራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ" ትላለች። አንቺ የመረጥሽው "አይዞሽ፣ ሐኪምሽ ጎበዝ ነው፣ ምንም አትሆኚም" የሚለውን ነው። ለእኛ ከዚህ የበለጠ ደግ ቃል የለም። በፈተናው ግን ሁልጊዜ ስሕተት ነው። ምንም እንደማትሆን አንቺ አታውቂም፤ ደግሞም ፍርሃቷን ሳትጨርስ አፏን ዘጋሽባት። ትክክለኛው መልስ "በጣም የሚያስፈራሽ ምኑ ነው? ንገሪኝ" የሚለው ነው። ሰውየው እንዲናገር በር የሚከፍተውን መልስ ምረጪ።

እኔም ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አሁንም ሌሊት ላይ ታካሚ ሲያለቅስ "አይዞህ" ምላሴ ላይ ትመጣለች። ዋጥ አድርጌ ወንበር እስባለሁ፣ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ።

ከውድቀት በኋላ የሚላከው የውጤት ወረቀት በየትኛው ክፍል ከማለፊያው በላይ፣ አጠገቡ ወይም በታች እንደሆንሽ ያሳያል። የሁለቱንም ጊዜ ላኪልኝ። 45 ቀንሽ እስኪሞላ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን እንሠራለን።