የምኒልክን ብር ለደረጃ ልላክ ወይ?

ማርትሬዛዎቹን፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸውን የብር ሳንቲሞች፣ አትላክ። ከአያትህ ሳጥን ካገኘሃቸው ውስጥ ደረጃ ቢወጣለት፣ ማለትም አሜሪካ ያለ መርማሪ ድርጅት ይዞታውን አይቶ ቁጥር ቢሰጠው፣ ዋጋ ሊጨምር የሚችለው የምኒልኩ ብር ብቻ ነው።

ማርትሬዛ ከ1780 ወዲህ መቼም ይመታ መች 1780 ተብሎ ነው የሚመታው። በሽ ነው። አብዛኛው የሚሸጠው በክብደቱ ነው፣ 28 ግራም ገደማ። አሜሪካ ድረስ መላኪያውና የማስመርመሪያው ክፍያ ትርፉን ይበላዋል።

የምኒልኩን በአጉሊ መነጽር እይ። የአንበሳው ጋማና የዘውዱ ጌጥ ጥርት ብሎ ከታየህ ላከው። ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ከ60 በላይ አግኝቶ ታሽጎ ከመጣ ገዢ ብዙ አይከራከርህም። ከተፋቀ ግን ተወው።

አደራ፣ እንዳታጥበው! እኔ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የገዛሁትን በሎሚና በአመድ ፈትጌ አብለጨለጭኩት። ሐረር ጁገል ያለ አንድ ብር ሠሪ ገና ሲያየው «ይሄማ ተልጧል» ብሎ ሚዛን ላይ ጣለው። የታጠበ ሳንቲም ቢላክም «የተጸዳ» ተብሎ ያለ ቁጥር ነው የሚመለሰው።